የጀልባው ሬዲዮ ዝም ሲል

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚመላለሱ ጀልባዎችን በመገናኛ ሬዲዮ እከታተላለሁ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ግን ማዕበሉ ሌላ ነው። ሬዲዮ ዝም የሚለውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ዕቃው ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

የሞተር ጩኸት ብቻ ይሰማል፣ ማንም መናገር አይችልም

የአንዱ ሬዲዮ የመናገሪያ ቁልፍ ተጭኖ ቀርቷል ማለት ነው። አንድ ቀን ሦስት ጀልባ ውሃ ላይ እያለ ደረሰብን። ብንጣራ ብንጣራ መልስ የለም። ጀልባዎቹ ሲመለሱ አየነው፤ አንዱ ልጅ ሬዲዮውን ላይፍ ጃኬቱ ውስጥ ከትቶት፣ ማሰሪያው ቁልፉን ተጭኖት ኖሯል። ቁልፉ የተያዘበት ሬዲዮ ጥሪ አይሰማም። ስለዚህ እሱን መጣራት ከንቱ ድካም ነው።

እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሬዲዮ ይይ፤ ሳይናገር ቀይ መብራት የበራበት እሱ ነው። ሌሎቹ አስቀድመው ወደተስማሙበት ሁለተኛ ቻናል ይዙሩ። ብዙ ሬዲዮ ንግግር ሲረዝም ራሱ የሚያቋርጥ ቅንብር አለው፤ 60 ሰከንድ ላይ አድርጉት። ሬዲዮውንም ደረት ላይ፣ ከላይፍ ጃኬቱ ውጭ ስቀሉት።

ጀልባው ሲርቅ ድምፁ ይጠፋል

ብዙ ሰው ትልቅ ዋት ያለው ሬዲዮ ልግዛ ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ከፍታ እላለሁ። ሞገዱ በቀጥታ ስለሚጓዝ የምድር ክብነት ይጋርደዋል። አንቴናቸው ከውሃው 1.5 ሜትር ከፍ ያለ ሁለት ሰዎች ቢበዛ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይደማመጣሉ። የወደቡን አንቴና 9 ሜትር ላይ ብትሰቅሉት ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጀልባው ውስጥ ያለውም ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ፣ አንቴናውን ወደ ሰማይ አቁሞ ይናገር። ዘጌ የቡናው ጫካ ውስጥ ከተገባ ዛፉ ሞገዱን ያዳክመዋል፤ መድረሳችሁን ከዘጌ ወደብ ሳትርቁ ተናገሩ።

የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል

ቁልፉን እየተጫኑ ወዲያው መናገር ነው ምክንያቱ። በአማርኛ ይሄ አደገኛ ነው። «አትሂዱ» ያላችሁት ከፊቱ ተቆርጦ «ሂዱ» ሆኖ ይደርሳል። ተጫኑ፣ አንድ ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ተናገሩ። ለአደጋ ጊዜ ደግሞ «እዚያው ቁሙ» የሚል ቃል ይሻላል።

አረንጓዴው መብራት ይበራል፣ ድምፅ የለም

ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እዩ። ካልሆነ የሁለቱ ሬዲዮ የቶን ኮድ፣ ማለትም ሬዲዮው የትኛውን ጥሪ እንደሚያሰማ የሚለይበት ምልክት፣ አይመሳሰልም፤ አዲስ ሬዲዮ ሲጨመር የተለመደ ነው። አንድ ዓይነት አድርጉት።

የማናውቀው ሰው ይገባብናል

ሌላ ሰው በዚያው ፍሪኩዌንሲ እየሠራ ነው። ኮድ መቀየር ድምፁን ይደብቃል እንጂ ቻናሉን አያስለቅቅም። ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድና የራሳችሁን ፍሪኩዌንሲ ጠይቁ።

ውሃ ውስጥ ወድቆ ነበር

አጥፉት፣ ባትሪውን ወዲያው አውጡ። ውስጡ በደንብ ሳይደርቅ ቻርጅ ላይ እንዳትሰኩት። ትርፍ ሬዲዮ ሳይያዝ ደግሞ ጀልባው ከወደብ አይነሳ።