ውሻን አጂሊቲ ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

አጂሊቲ ውሻና ባለቤቱ አብረው እየሮጡ መሰናክል የሚያልፉበት ስፖርት ነው። የተጀመረው እንግሊዝ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በክራፍትስ የውሾች ትርኢት ላይ፣ በዋናዎቹ ውድድሮች መሃል ተመልካቹን ለማዝናናት ቀረበ። ሐሳቡ የመጣው ከፈረስ ዝላይ ነው።

ውሻው ይዘላል፣ በቱቦ ውስጥ ይሾልካል፣ በምሰሶዎች መሃል ይጠማዘዛል። ባለቤቱ በድምፅና በእጅ ምልክት ይመራዋል እንጂ በውድድር ላይ ሊነካው አይፈቀድለትም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው መግባባት ብቻ ነው። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ውሻው ጉልበቱን የሚያወጣበት ያገኛል፣ ፈሪው ይደፍራል፣ ባለቤቱም አብሮ ላብ ያወጣል። ግን በችኮላ ከጀመርነው ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳት ይሆናል።

ከሁሉም የከፋው ቡችላን ማዘለል ነው። የቡችላ አጥንት የሚያድገው ጫፉ አካባቢ ባለው ለስላሳ ክፍል ነው። ይህ ክፍል እስኪጠነክር ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ትላልቅ ዝርያዎች ደግሞ ይዘገያሉ። ከዚያ በፊት ደጋግሞ ከከፍታ መዝለል መገጣጠሚያውን ሊጎዳው ይችላል። ጉዳቱ ደግሞ ያኔውኑ ላይታይ ይችላል። እስከዚያው የመጥረጊያ እንጨት መሬት ላይ አጋድሙና ቀስ ብሎ ይሻገረው። እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ይማርበታል። ዝላይ ከመጀመራችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው። የወፈረ ውሻ ከሆነ መጀመሪያ ክብደት ይቀንስ።

«ና» እና «ቆይ» ሳይገባው ማሰሪያውን መፍታትም ሌላው ስህተት ነው። ሲጠሩት የማይመጣ ውሻ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ ድመት አይቶ ይጠፋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ የራሱን አካል ነው። ውሻ ከቃላችን ይልቅ ትከሻችንንና እግራችንን ያነብባል። አፋችን «ወደ ቀኝ!» እያለ ጫማችን ወደ ግራ ከዞረ፣ የሚሄደው ወደ ግራ ነው። ከዚያ «አይሰማም» እንለዋለን። እውነቱ ግን በደንብ ሰምቶናል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ውሻው ብቻችሁን መንገዱን ተራመዱበት። ተወዳዳሪዎችም ከውድድር በፊት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ልምምዱን አታርዝሙት። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ገና እየጓጓ ሳለ አቁሙ። በቀትር ፀሐይም አይሁን፤ ውሻ ሙቀት የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። አስፋልቱ ለመዳፋችሁ ካቃጠለ ለእሱም ያቃጥላል።

የመጨረሻው ማስገደድ ነው፤ ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ውሻዬ ቱቦውን ሲያይ ጆሮውን አጥፎ ወደ ኋላ ይል ነበር። በማሰሪያው ጎተትኩት። ከዚያ በኋላ ቱቦው ወዳለበት ዝር አልል አለ። ፍርሃቱን ለማስረሳት ሳምንታት ፈጀብኝ። ቱቦውን አጥፌ በጣም አሳጠርኩት። አንድ ሰው ውሻውን ከወዲያ ያዘልኝ፣ እኔ ከወዲህ ተንበርክኬ ቁራጭ ሥጋ ይዤ በስሙ ጠራሁት። አፍንጫውን ባስገባ ቁጥር አጎረስኩት፤ አልቸኮልኩም። አንድ ቀን ጠዋት በራሱ ጊዜ ሾልኮ ወጣ። ጭራውን እየቆላ ዞረና፣ ሳልጠራው እንደገና ገባ።