ሮው ወይስ ጄፔግ? የፎቶ ፋይል ዓይነት እንዴት እንደሚመረጥ

ካሜራውን ከቦርሳ ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ጥያቄ ይመልሱ። ፎቶው መቼ ነው የሚፈለገው? ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያስተካክለውስ ሰው አለ? ዛሬውኑ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነና የሚያስተካክለው ከሌለ በጄፔግ ያንሱ፤ የሚቆጭ ነገር የለውም። ጊዜውም ሰዉም ካለ ግን ብርሃኑን አይቶ መወሰን ነው።

መጀመሪያ ልዩነቱን ይወቁ

ጄፔግ ካሜራው ራሱ ሠርቶ የጨረሰው ፎቶ ነው። ኋይት ባላንሱን (ነጩ ነገር በየብርሃኑ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚደረገውን የቀለም ማስተካከያ)፣ ኮንትራስቱን (የብሩህና የጨለማ ልዩነቱን) እና ሻርፕነሱን (የጠርዞቹን ጥራት) ይወስናል፤ አያስፈልግም ያለውን መረጃ ይጥልና ፋይሉን ይጨምቀዋል። የተጣለው አይመለስም። ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለእያንዳንዳቸው የሚቀረው 256 የብርሃን ደረጃ ነው።

ሮው ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ያነበበውን ሳይሠራ ያስቀምጣል። ባለ 12 ቢቱ 4,096፣ ባለ 14 ቢቱ 16,384 ደረጃ አለው። ጠቁሮ የወጣ ፊት ሲያበሩት ጄፔጉ ቆዳው ላይ ነጠብጣብና ቀለሙ የተበላሸ ቦታ የሚያወጣው፣ ሮው ግን ደህና የሚሆነው ለዚህ ነው። ኋይት ባላንሱም ሮው ላይ እንደ ማስታወሻ ብቻ ስለሚያዝ በኋላ ያለ ጉዳት ይቀየራል።

በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ ሮው ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ከፍተኛ ጥራት ያለው ጄፔግ 10 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ስለዚህ 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ሁለት ሺህ ገደማ ሮው ይይዛል ማለት ነው።

ብርሃኑን ይመልከቱ

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ፣ ጥላዋም ጥቁር ነው። ፒያሳ ጊዮርጊስ ግቢ ነጠላ የለበሰች እናት ከዛፍ ሥር ቆማ፣ ትከሻዋ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ያስቡ። ነጩ ብዙውን ቦታ ከያዘ ካሜራው በራሱ ያጨልማል፣ ፊቷ ይጠፋል። ቀርበው ፊቷን ሲያነሱ ደግሞ ካሜራው ለፊቷ ብሎ ያበራል፤ ያኔ ትከሻዋ ላይ ያለው የነጠላው ሽመና ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። እንዲህ ባለ ቦታ ምርጫው ሮው ነው። መስከረም 16 አመሻሽ ላይ መስቀል አደባባይ ለሚያነሳም እንደዚያው፤ የካህናቱ ወርቀ ዘቦ፣ ከድባብ ሥር ያለ ፊትና የደመራው እሳት በአንድ ፎቶ ይገናኛሉ። የሠርግ አዳራሽም ቢጫ አምፖልና ባለ ቀለም ኤልኢዲ ስለሚቀላቀልበት ሮው ይፈልጋል።

ደመናማ ቀን ለሚነሳ የስብሰባ ወይም የቡድን ፎቶ ጄፔግ ይበቃል።

ካሜራውን ያስተካክሉ

1. ሜኑ ውስጥ «ኢሜጅ ኳሊቲ» ገብተው ሮው ሲደመር ጄፔግ ፋይን ይምረጡ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ካሜራው ሁለት ሜሞሪ የሚይዝ ከሆነ ሮውን ወደ አንዱ፣ ጄፔጉን ወደ ሌላው ይላኩ።
2. ከለር ስፔሱን (ፎቶው የሚይዘውን የቀለም ክልል) ኤስ አር ጂ ቢ ላይ ያድርጉ። አዶቤ አር ጂ ቢ ሆኖ የወጣ ጄፔግ ብዙ ስልክ ላይ ቀለሙ ይደበዝዛል። ይህ ሮውን አይነካም።
3. የነጩን መቃጠል የሚያሳየውን ብልጭታ ያብሩ። አንድ ፎቶ አንስተው ይዩ፤ ነጠላው ላይ ብልጭ ድርግም ካለ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ፎቶውን የሚያበራውን ወይም የሚያጨልመውን ማስተካከያ) በአንድ ሦስተኛ እየቀነሱ ይድገሙ። ብልጭታውና ሂስቶግራሙ (የፎቶውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) የሚሰሉት ከጄፔጉ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ብልጭታ ቢቀር ሮው ብዙ ጊዜ ያወጣዋል። ሦስቱም ቀለሞች ሞልተው ከፈሰሱ ግን ሮውም አያድነውም።

በተከታታይ ሲያነሱ፣ ለምሳሌ እስክስታ ላይ፣ ሮው የካሜራውን ጊዜያዊ ማከማቻ ቶሎ ይሞላና ካሜራው መሃል ላይ ይቆማል። ፈጣን ሜሞሪ ይጠቀሙ፤ ካልሆነ ለዚያች ደቂቃ ወደ ጄፔግ ይቀይሩ።

ቤት ከገቡ በኋላ

ሮው ሲከፈት ደብዘዝ ብሎ ቢታይ አይደንግጡ፤ ገና ያልተሠራ ነው። የኒኮን ኤን ኤክስ ስቱዲዮና የካኖን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል ለየካሜራዎቻቸው በነጻ ይገኛሉ፤ ዳርክቴብል የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ የብዙዎቹን ካሜራዎች ሮው ይከፍታል። ካሜራው አዲስ ሆኖ የቆየ ፕሮግራም አልከፍትም ካለ በአዶቤ ነጻ መቀየሪያ ሮውን ወደ ዲ ኤን ጂ (ብዙ ፕሮግራም ወደሚከፍተው የሮው ዓይነት) ይለውጡት።

መጀመሪያ ኋይት ባላንሱን፣ ቀጥሎ የነጩን ብርሃን፣ ከዚያ ጥላውን ያስተካክሉ። ሲጨርሱ ጥራቱን 90 አካባቢ አድርገው ጄፔግ ያውጡ፤ ለማተሚያ ቤትም ለደንበኛም የሚሰጠው እሱ ነው። በቴሌግራም ሲልኩ «ፋይል» ብለው ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ይቀነሳል። ያንኑ ጄፔግ እየከፈቱ ደጋግመው ሴቭ አያድርጉ፤ በየጊዜው ጥራት ይቀንሳል። እርማት ካስፈለገ ወደ ሮው ተመልሰው አዲስ ያውጡ። ሜሞሪውን ፎርማት የሚያደርጉት ሮዎቹ ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ተገልብጠው፣ ጥቂቶቹን ከፍተው ካዩ በኋላ ነው።