የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆችን ገጠመኝ ማጻፍ

«ስለ ራስህ ጻፍ» የተባለ ልጅ ስሙን፣ ዕድሜውንና የሚወደውን ምግብ ጽፎ እርሳሱን ያስቀምጣል። ይህ መግለጫ እንጂ ገጠመኝ አይደለም። «የማልረሳው ቀን» የሚለው የተለመደ ርዕስም ለዚህ ዕድሜ አይመችም። ልጁ ከአልጋ ከወረደበት እስከተኛበት ያለውን ይዘረዝራል፤ ቤቱ ሐዘን የገባበት ልጅ ደግሞ ሊያነሳው የማይፈልገውን እንዲያነሳ ይገደዳል። ስለዚህ ርዕሱን አጥብቡት፦ ጥርሴ ሲወልቅ፣ ዝናብ መንገድ ላይ ሲይዘኝ፣ መብራት የጠፋ ማታ፣ አውራ ዶሮው ሲያባርረኝ። አሥር ደቂቃ ያልሞላ ነገር ይበቃል።

ሥራውን በአራት ክፍለ ጊዜ ከፋፍሉት። በመጀመሪያው ደብተር አይወጣም፤ ወሬ ብቻ ነው። አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ልጆች ተራ በተራ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይናገሩ። አድማጩ «ከዚያስ?» ወይም «እሷ ምን አለች?» ብሎ ይጠይቅ። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉንም ማዳመጥ ስለማይቻል በየቀኑ የአንድ ረድፍ ልጆችን ብቻ ቀረብ ብላችሁ ስሙ። ይህን ክፍለ ጊዜ ጊዜ ማባከን አድርገው የሚዘሉት አሉ፤ በማግስቱ ግማሹ ክፍል «ምን ልጻፍ?» እያለ እጁን ያወጣል።

በሁለተኛው ቀን አንድ ገጽ ለሦስት ይከፈልና መጀመሪያው፣ መሃሉና መጨረሻው በሥዕል ይቀመጣል። የመሃሉ ሳጥን ሰፋ ይበል፤ ዋናው ነገር የሚሆነው እዚያ ነው። በእርሳስ ብቻ፣ ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠ። ከለር ከወጣ ክፍለ ጊዜው አለቀ ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ከመጻፋቸው በፊት ሁለት ናሙና ሰሌዳ ላይ ጻፉ። አንዱ፦

«ጠዋት ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። በቆሎ በላሁ። ጥርሴ ወለቀ። ማታ ተኛሁ።»

ሌላው፦

«የተጠበሰ በቆሎ ስግጥ የፊት ጥርሴ ተነቃነቀ። በምላሴ ገፋ አደረግኩት። ቀጭ አለ። መዳፌ ላይ ተፋሁት። አያቴ ሳቀችና ‹ጣራ ላይ ወርውረው› አለችኝ።»

የትኛው ውስጥ ጥርሱ እንደሚታያቸው ጠይቁ። ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩ፤ እናንተ አታብራሩ።

ከዚያ ከአምስት እስከ ስምንት ዓረፍተ ነገር፣ በ20 ደቂቃ፣ አንድ መስመር እየዘለሉ ይጻፉ። የተዘለለው መስመር ለእርማት ነው። ላጲስ ይሰብሰብ፤ አለበለዚያ አንዱን ቃል ሲጽፍና ሲያጠፋ ወረቀቱን የሚቀድ አይጠፋም። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዞ ይቀጥል።

ሦስት ችግር ሁልጊዜ ይመጣል። ልጆች የሚያውቁት የትረካ መልክ ተረት ስለሆነ «ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ልጅ ነበር» ብለው ይጀምሩና ራሳቸው ከታሪኩ ይወጣሉ። «ያ ልጅ አንተ ነህ? እንግዲያው ‹እኔ› በል» ማለት ይበቃል። ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ «ተነስቼ ሮጬ ወድቄ እናቴ መጥታ አንስታኝ…» እያለ ማሰሪያ አንቀጽ ሳያገኝ ገጹ ያልቃል። ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ ያቁምና ግሡን ይሰር፤ «ወደቅኩ።» አራት ነጥብ። ሦስተኛው «በጣም ደስ አለኝ» ብሎ መዝጋት ነው። «ደስ ሲልህ ምን አደረግክ?» ሲባል «ዘለልኩ» ወይም «ለእህቴ ነገርኳት» ይላል፤ የሚጻፈው እሱ ነው።

በአራተኛው ቀን ከአንድ ልጅ ጽሑፍ ሁለት ነገር ብቻ አርሙ፦ አንድ ከሐሳቡ፣ አንድ ከፊደሉ። ገጹ በቀይ እስክሪብቶ ከተሞላ ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያውቃቸውን አጫጭር ቃላት ብቻ ይጽፋል። ከፊደል ስሕተት ቅድሚያ የሚሰጠው ንባብን ለሚያበላሸው ነው፤ «ሮጥኩ» ለማለት «ረጥኩ» የጻፈ ዛሬ ይታረም፣ የሀ እና የሐ፣ የሰ እና የሠ ጉዳይ ግን ይቆይ። በመጨረሻ የፈለገ ያንብብ፤ ያልፈለገ አይገደድ።

ፊደል ገና ያልለየ ልጅ ከሥራው አይውጣ። ሦስቱን ሥዕል ይሥል፣ ከሥዕሎቹ ሥር የሚችለውን ቃል ይጻፍ፣ ቀሪውን ሲነግራችሁ ራሱ ባለው አነጋገር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉለትና ከታች ይገልብጠው። አነጋገሩን አታሳምሩለት፤ የራሱን ቃል ካገኘ በጣቱ እየተከተለ ለማንበብ ይቀለዋል።