ብሬስ ከወለቀ በኋላ ኢናሜልን እንዴት እንንከባከብ?

ብሬሱ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦው) ወልቆ መስታወት ፊት ስትቆሙ ጥርሱ ተስተካክሏል፤ ግን ብሬሱ ተለጥፎበት በነበረው ቦታ ዙሪያ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል። ቆሻሻ አይደለም። ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ቀይረው፣ አሲዱ ከኢናሜሉ፣ ማለትም ከጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ ካልሲየምና ፎስፌት የወሰደበት ቦታ ነው። ኢናሜል አንዴ ከተቦረቦረ ራሱን አይተካም። ነጭ ብቻ ሆኖ ሳይቦረቦር ከተደረሰበት ግን ማዕድኑን ከምራቅ መልሶ ይወስዳል፤ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ደግሞ ያግዘዋል። ጊዜ ስጡት፤ ለውጡ የሚታየው በወራት ነው።

መጀመሪያ፣ አትፈግፍጉት። በሎሚ እሹት፣ በከሰል ፋቁት የሚል መካሪ አይጠፋም። እባካችሁ አትስሙ። ሎሚው ራሱ አሲድ ነው፤ ከሰሉም የደከመውን ሽፋን ይልጠዋል። ጥርስ ማንጫውም ይቆይ፣ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

ቀጥሎ የጥርስ ሳሙናችሁን እዩ። ፍሎራይድ እንዳለው ማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ ለአዋቂ 1450 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 1450 እጅ) ገደማ ጥሩ ነው። ጠዋትና ማታ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ለ2 ደቂቃ ያህል ቦርሹ። በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ስለሚቀንስ የማታው ፈጽሞ አይታለፍ። ከቦረሻችሁ በኋላ አረፋውን ትፉ እንጂ በውሃ አትጉመጥመጡ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ ውሃው ፍሎራይዱን ጠርጎ ይወስደዋል። በጥርስ መሃል ያለውን ደግሞ በጥርስ ክር አውጡ።

መፋቂያ የለመዳችሁ አትተዉት፤ ግን ሳሙናውን አይተካም። በረመዳን ከሱሁር በኋላ ከአዛን በፊት አንዴ፣ ማታ ከመተኛት በፊት አንዴ ቦርሹ።

አሁን ወደ ስኳር እንምጣ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ከባዱ ይሄ ይመስለኛል። ከስኳሩ ብዛት ይልቅ በቀን ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ እንደገባ ይበልጥ ይጎዳል። ጫት ላይ ተቀምጦ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ለሰዓታት ቀስ እያሉ መጎንጨት፣ ምራቅ አሲዱን ለማርከስ ፋታ እንዲያጣ ያደርገዋል። የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲቀንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል ማዕድን ማጣት ይጀምራል። ስኳሩን ከምግብ ጋር ጨርሱት፤ በመሃል ውሃ ጠጡ። ለስላሳ ወይም ሎሚ ከወሰዳችሁ ወዲያው አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ለመቦረሽ ግን 30 ደቂቃ ያህል ጠብቁ።

ሪቴይነር (የተስተካከለው ጥርስ ወደ ቦታው እንዳይመለስ የሚደረግ መያዣ) ካላችሁ እሱን አድርጋችሁ ከውሃ ሌላ ምንም አትጠጡ፤ ጣፋጩ ከሥሩ ተይዞ ይቀራል። በፈላ ውሃ አትጠቡት፣ ይጣመማል።

በመጨረሻ ሐኪም ጋ ሂዱ። የብሬሱ ማጣበቂያ ቅሪት ካለ ያስወግድላችኋል፤ ፍሎራይድ ቫርኒሽም (ጥርስ ላይ የሚቀባ የፍሎራይድ ቅብ) በየ3 እስከ 6 ወሩ መቀባት ይቻላል። ብሬሱን አዲስ አበባ ያሠራችሁ፣ ለዚህ ብቻ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ አይጠበቅባችሁም፤ ማንኛውም የጥርስ ሐኪም ሊቀባው ይችላል። ስለዚህ እዚያው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቫርኒሹ እንዳላቸው አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ከወተት ፕሮቲን የሚሠራ ማዕድን መላሽ ቅባትም አለ፤ የወተት አለርጂ ያለበት ግን አይጠቀምበት።

ልጅነታችሁን ስምጥ ሸለቆ አሳልፋችሁ ነጩ ወይም ቡናማው ነጠብጣብ ከብሬሱ በፊት የነበረ ከሆነ ግን ውሃው ውስጥ ካለው ፍሎራይድ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ስለሚለያይ ይህን ለሐኪሙ ንገሩት። ነጠብጣቡ ሲነካ ከሻከረ፣ ከጎደጎደ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ካመመ ቀጠሮ አትጠብቁ።