ጥናታችሁ እንዲጠቀስ ምን ታደርጋላችሁ?

ደሴ ላይ መምህራን ቡና ሲጠጡ «ጽሑፌን አንድ ተመራማሪ እንኳ በምንጭነት አልጠቀሰውም» የሚል አይጠፋም። ጥናቱ ደካማ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሌላው ሰው ወይ አያገኘውም፣ ወይ ከጥናቱ የሚወስደው ነገር የለም።

መጀመሪያ «ሌላው ከእኔ ምን ይወስዳል?» በሉ። በዓለም እጅግ ከተጠቀሱት ጽሑፎች ቁንጮው ባዮኬሚስቱ ሎውሪና ባልደረቦቹ በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። የያዘውም የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ነው፤ በዚያ ዘዴ የለካ ሁሉ ይጠቅሰዋል። እናንተም መጠይቃችሁንና ዳታችሁን ሌላው እንዲሠራበት አድርጋችሁ አያይዙ።

ቀጥሎ ርዕስ። «በደሴ ከተማ የመሬት መንሸራተት ሁኔታ» ካላችሁ የሚከፍተው የደሴ ሰው ነው። «ዝናብ የጠገበ ተዳፋት መቼ ይንሸራተታል? የደሴ ማሳያ» ካላችሁ ግን ኔፓል ያለ ተመራማሪም ይከፍተዋል። አብስትራክቱ (የጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ) ላይ ዋናውን ውጤት በቁጥር አስቀምጡ። «ውጤቱ በዝርዝር ተብራርቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንም አይረባም።

ስም ላይ ቆም እንበል፤ ይሄ የኛው ጣጣ ነው። ወሎ ውስጥ ስንት ሰይድ አለ! በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ጽሑፍ ላይ በ«አይ»፣ ሌላው ላይ በ«ዋይ» ይጻፋል። አንዱ ጆርናል የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም ብሎ ይመዘግብለታል። ከዚያ የጥናት ጽሑፎች በሚፈለጉበት ጎግል ስኮላር ላይ አንዱ ሰይድ ሦስት ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ አንድ አጻጻፍ ያዙ፣ አትቀያይሩ። ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውን ባለ16 አሃዝ የተመራማሪ መለያም አውጡ። በነፃ ነው፣ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው።

ጆርናሉ ከፈቀደ ቅጂውን ማንም ሳይከፍል የሚያነብበት ቦታ አስቀምጡ። ብር ተቀብለው ሳይገመግሙ የሚያትሙትን ግን ሽሹ።

በነገራችን ላይ መጠቀስ ሁሉ ሙገሳ አይደለም። የኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው የ1998 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል። ከተሰረዙ ጽሑፎች መካከል በጣም ከተጠቀሱት አንዱ ነው፤ ብዙዎቹ የጠቀሱት ግን ሊተቹት ነው።

መጨረሻ ላይ ኢሜይል። የመሥሪያ ቤት አድራሻ ብቻ አትስጡ፤ ሥራ ስትቀይሩ ይዘጋል። ዳታውን ሊጠይቅ የጻፈላችሁ ሰውም መልስ ሲያጣ ወደ ሌላ ጥናት ይሄዳል።