የከሰል ድቃቂን መልሶ ከሰል ማድረግ

በመርካቶ ከሰል ከማዳበሪያ ወደ ፌስታል እየመነዘሩ የሚሸጡ ነጋዴዎች ማዳበሪያውን ሲያራግፉ ከሥር ድቃቂ ይቀራል። ደንበኛ ስለማይወስደው ከጥራጊ ጋር ይደፋል፤ ከአፈርና ከላስቲክ ከተደባለቀ በኋላ ደግሞ ማጽዳቱ ከትርፉ ይበልጣል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከነጋዴው ጋር በመስማማት ነው። ባዶ ማዳበሪያ ይስጡትና ድቃቂው መሬት ሳይነካ ያጠራቅምልዎ።

ያመጡትን በወንፊት ይንፉ። ድንጋዩንና በደንብ ያልከሰለውን ቡናማ እንጨት ለቅመው ያውጡ፤ ጭስ የሚያመጣው እርሱ ነው። የቀረውን ይውቀጡት።

ማጣበቂያው ከዱቄት የሚሠራ ሙቅ ነው። ለ10 ኪሎ ድቃቂ ከ500 እስከ 800 ግራም የበቆሎ ወይም የስንዴ ዱቄት ይበቃል። ከወፍጮ ቤት ወለል የሚጠረገውም ከተነፋ ያገለግላል። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው የፈላ ውሃ ላይ ያፍስሱና እስኪወፍር ያማስሉ። ሸክላ አፈርም ያጣብቃል፤ ግን አመድ ያበዛል፣ አመድ የበዛበትን ከሰል ደግሞ ማንም ሁለተኛ አይገዛም።

ሙቁን ከድቃቂው ጋር ያሹና አንድ እፍኝ ጨብጠው እጅዎን ይክፈቱ። ከፈረሰ ሙቅ ይጎድለዋል። በጣቶችዎ መካከል ውሃ ከወጣ ድቃቂ ይጨምሩ። የመዳፍዎን ቅርጽ ይዞ ከቀረ ደርሷል።

ለቅርጽ ማውጫ አጭር የቧንቧ ቁራጭና ልኩ የሆነ ዱላ ከምናለሽ ተራ፣ ከመርካቶው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ይፈልጉ። ሲጠቀጥቁ አይሳሱ፤ ላላ ያለ ከሰል ገና ሲነሳ ይፈረካከሳል።

ብዙ ሰው የሚከስረው ማድረቁ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ሥር፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ሽቦ ላይ ያስጡት። በበጋ ጥቂት ቀናት ይበቁታል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ዱቄቱ ይሻግታል፤ በእነዚያ ወራት ድቃቂ ማጠራቀም ይሻላል። በተከታታይ ቀናት ሲመዝኑት ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል።

ይህ ከሰል ለመያያዝ ይዘገያል፣ ከተያያዘ ግን ይቆያል። ከሥሩ ጥቂት ተራ ከሰል እንዲያደርጉ፣ በተዘጋ ቤትም እንዳያነዱት ለገዢዎች ይንገሩ፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ እንደማንኛውም ከሰል ይገድላል። የመጀመሪያ ደንበኞችዎ የጀበና ቡና ሻጮች ይሁኑ፤ ቀኑን ሙሉ ፍም ይፈልጋሉ። ለአንዷ የአንድ ቀን በነፃ ይስጧትና ከዕለት ከሰሏ ስንቱን እንዳተረፈላት ጠይቀው ዋጋውን በዚያ ይተምኑ።