ሕፃኑ ሞቆት እንደሆነ በምን ይታወቃል?
በአዳማ በሞቃታማዎቹ ወራት ጭምር «ብርድ እንዳይመታው» በሚል ስጋት ሕፃኑን በሹራብና በፎጣ ደራርቦ በባጃጅ ይዞ መውጣት የተለመደ ቢሆንም፣ የጨቅላ ሕፃን ሰውነት ሙቀቱን የመቆጣጠር አቅሙ ገና ያልዳበረ በመሆኑ መታፈኑ ራሱ ሊጎዳው ይችላል። መሞቁን ለማወቅ ማጅራቱን ወይም ደረቱን መዳሰስ ይመረጣል፤ እጅና እግር በጤነኛ ሕፃን ላይም ቀዝቀዝ ይላሉና። ማጅራቱን ካላበው አንድ ልብስ ይቀነስለት። 6 ወር ላልሞላው ሕፃን፣ አያቶች ቢቆጡም (ቁጣቸው ከፍቅር ነው)፣ ውኃ መስጠት አያስፈልግም፤ የእናት ጡት ወተት ከ80 በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይበቃዋል። ሽንቱ ከወትሮው ካነሰ፣ ሕፃኑ ከፈዘዘ ወይም የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።